ክሪክ የሚከፍተው በር

እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት እናቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ለቀረው ሰው ሁሉ ክሪክ ነው። ስሙ የወጣለት ገና ጎረምሳ እያለ ነው። በታላቅ ወንድሙ ጋራዥ ውስጥ አንድ መካኒክ ከሥሩ ተኝቶ የሚጠግነው መኪና ካነሳው ክሪክ ላይ ተንሸራቶ የሰውየውን እግር ያዘው። ሌላው ሰው ሲጮህ እሱ የመኪናውን ኋላ በሁለት እጁ ብድግ አደረገው። መካኒኩ እግሩን አወጣ፣ ያየ ሁሉ አጨበጨበ፣ ታላቅ ወንድሙም አንገቱን አቅፎ «የኔ ክሪክ!» አለው። ልጁ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሙገሳ ሰምቶ አያውቅም ነበር። ትምህርቱን የተወውም ያኔ ነው፤ ማንም ተው አላለውም።

ታላቅየው ሒሳቡንና ደንበኛውን ያዘ፣ ክሪክ ጉልበቱን አዋጣ። «ጋራዡ የሁለታችንም ነው» ይለዋል ወንድሙ፣ በተለይ ሰው ሲሰማ። ወረቀት የሚባል ነገር አልተጻፈም። ወንድም ከወንድሙ ወረቀት ይጠይቃል እንዴ? ክሪክ ይህን ቃል አምኖ አገባ፣ ይህን ቃል አምኖ ወለደ። ድርሻው እዚያ ግቢ ውስጥ እንዳለ አንድም ቀን ተጠራጥሮ አያውቅም።

ጠዋት ጠዋት የጋራዡን ትልቅ በር የሚከፍተው እሱ ነው። በሩ ወደ ላይ ተነስቶ ጣሪያው ሥር የሚተኛ ሰፊ የላሜራ በር ነው። ከበላዩ ግራና ቀኝ ሁለት ወፋፍራም ስፕሪንጎች አሉት፤ ክብደቱን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ከሰው የሚጠበቀው እጀታውን ይዞ መምራት ብቻ ነው። በደህናው ዘመን በሩን ወገብ ድረስ አንስተው ቢለቁት እዚያው ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር።

ኋላ ስፕሪንጎቹ መድከም ጀመሩ። መጀመሪያ ያወቀው ክሪክ ነው፤ እጁ ነገረው። ሲለቁት ይቆም የነበረው በር ቀስ እያለ መውረድ፣ ቆይቶም ዱብ ማለት አመጣ። ሲከፈት ሲጢጥ ይላል። የስፕሪንጎቹ ጥምዝ ላልቶ በመሃሉ ብርሃን ይታይ ጀመር።

«ጋሼ፣ እነዚህ ስፕሪንጎች ሞተዋል» አለው አንድ ጠዋት። «ሁለቱንም መቀየር አለብን። እስኪበጠሱ ከጠበቅን በሩ ሰው ላይ ይወርዳል።»

«አንተ እያለህልን?» አለ ወንድሙ ወደ ደንበኞቹ ዞሮ። «እስቲ ይታያችሁ፣ ክሪክ ያለው ሰው ስፕሪንግ ይገዛል?»

ሰዉ ሳቀ። ክሪክም ሳቀ፤ ደረቱን ነፋ አድርጎ በሩን ሽቅብ ሰደደው። የሚያናድደው ይሄ ነው። ሰው እየተሸነገለ መሆኑን እያወቀ ዝም ሊል ይችላል፤ ክሪክ ግን አያውቅም፣ የምር ደስ ይለው ነበር። ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ እንደ ምሥራች ይነግራት ነበር።

አንደኛው ስፕሪንግ የተበጠሰው ከምሳ በኋላ ነው። ጎማ የፈነዳ መስሏቸው ሁሉም ወደ መኪኖቹ ሮጡ። ወንድሙ ቀና ብሎ አየና «ሌላኛው አለ አይደል?» ብሎ ወደ ቢሮው ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ በሩ አንድ ጎኑ ያዘነበለ፣ ከክሪክ በቀር ማንም የማይደፍረው ሆነ። ከፍቶ ሲጨርስ ሁለት የብረት ቱቦ ከሥሩ ያቆምለታል። ደንበኞች ማልደው መጥተው ሲከፍት ለማየት ይቆማሉ፣ ትያትር ሆነላቸው። አንዱ ደፋር እኔም ልሞክር ብሎ ወገቡን ይዞ ሲመለስ ጋራዡ በሳቅ ይሞላል።

ቤት ውስጥ ግን ትያትር የለም። ክሪክ ጎንበስ ማለት አቅቶት የጫማውን ማሰሪያ የምታስርለት ሚስቱ ነበረች።

«ለወንድምህ ንገረው» ትለዋለች፣ እግሩ ሥር ቁጢጥ ብላ።

«ነግሬዋለሁ እኮ።»

«እየሳቅህ ነው የነገርከው! የታመመ ሰው እንደዚያ አይናገርም።»

«ምን ልበለው ታዲያ? ደከመኝ ልበለው? ሁለታችን እኮ ነን ጋራዡን የያዝነው።»

«የያዘውስ እሱ ነው። አንተማ ተሸክመኸው ነው ያለኸው» አለችና ማሰሪያውን ጥብቅ አደረገችው።

አንድ ጠዋት በሩን ደረቱ ድረስ እንዳነሳው ወገቡ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ዓይኑ ጨለመ። ሊለቀው ሲል ወንድሙ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ እየሳቀ፣ ከበሩ ሥር ጎንበስ ብሎ ሊያልፍ ገባ። ክሪክ ጥርሱን ነክሶ ያዘ። ወንድሙ መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ወሬው ጣመው መሰለኝ። ክሪክ መጮህ ይችል ነበር፤ አልጮኸም። ያ ሰውዬ ሳቁን ጨርሶ፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ እስኪያልፍ ድረስ በሩን ይዞ ቆየ። ከዚያ ቀስ አድርጎ አወረደውና አጠገቡ ተንበረከከ። ቤቱ የገባው በሰው ሸክም ነው።

ሐኪሙ ነገሩን አላድበሰበሰም። ከእንግዲህ ከባድ ነገር ማንሳት የለም አለ፣ መቼም። ወንድሙ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው መጣ።

«በሩን ማን እየከፈተው ነው?» አለ ክሪክ፣ ከትራሱ ቀና ለማለት እየታገለ።

«አንተ ስለ በር አታስብ። ዋናው ጤና ነው።»

ክሪክ ግን የሚያስበው ስለ በሩ ነበር። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እንዲቸገሩለት ይመኝ ነበር። ደንበኞች ደጅ ተኮልኩለው፣ የሰው መኪና ጋራዡ ውስጥ ተቆልፎ፣ ወንድሙ እጀታውን ይዞ ሲያልበው፣ «ለካ ቤቱን ያቆመው እሱ ኖሯል» ሲል በሐሳቡ ያየው ነበር። እንዲህ መመኘት ኃጢአት ከሆነ ይሁንበት፤ አልጋ ላይ ሌላ ምን ነበረው?

መራመድ የቻለ ዕለት ሚስቱን ተደግፎ ጋራዡ ሄደ። አንድ የማያውቀው ሰው መሰላል ላይ ቆሞ ከበሩ በላይ ቡሎን ያጠብቃል። በር ጠጋኝ ነው። ሁለት አዳዲስ ስፕሪንጎች ከላይ ያብረቀርቃሉ፤ አሮጌዎቹ ግድግዳው ሥር፣ ከተቃጠለ ዘይት በርሜል አጠገብ ተጥለዋል።

«ሁለቱንም የቀየርኩት ወድጄ አይደለም» ይላል ጠጋኙ ከመሰላሉ እየወረደ። «አብረው የደከሙ ናቸው፤ አንዱን ብተወው ነገ ይበጠስብሃል። በሩ ሲከብድ፣ ሲለቁት አልቆም ሲል፣ ያኔውኑ መቀየር ነው። እስኪበጠስ መጠበቅ ሰው ያስጨርሳል።»

«ልክ ነህ፣ ልክ ነህ» ይላል ወንድሙ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ። ይህንኑ ቃል፣ እዚሁ በር ሥር፣ ከክሪክ አፍ መስማቱ ትዝም አላለው።

ገንዘብ የምትቀበለው የወንድሙ ሚስት ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች መጥታ በሩን በአንድ እጇ አነሳችው። ሽው ብሎ ወጣ። «ውይ፣ እንደ መጋረጃ!» ብላ ሳቀች። ሠራተኞቹም ተራ በተራ ከፍተው ዘጉት።

«እኔን የገረመኝ» አለ ጠጋኙ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «አንዱ ተበጥሷል፣ ሌላውም ከሞተ ቆይቷል። ይሄ በር እስከ ዛሬ በምን ነበር የሚከፈተው?»

ክሪክ ሳይታወቀው ደረቱን ቀና አደረገ። ሚስቱ ክንዱን ጨበጥ አደረገችው።

«እንዲሁ ነዋ» አለ ወንድሙ። «በእጅ።»

ክሪክን ያየው ከዚያ በኋላ ነው። «እንዴ! ተነሳህ? ተመስገን! ምነው ታዲያ ቤትህ አትተኛም?»

«ሰኞ ልጀምር ብዬ ነው፣ ጋሼ። ከባዱ ቢቀር፣ ዕቃ ማቀበልም ቢሆን፣ ደንበኛ መቀበልም ቢሆን...»

«አንተ አሁን እረፍ። ስንት ዘመን ለፋህ! እኛም እንደምንም እንሆናለን።» ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ልጆቹ የሆነ ነገር ከቸገራቸው ደግሞ ብቅ በል። እኔ ምን ባዳ ነኝ?»

«ጋራዡ የሁለታችሁም አይደለም እንዴ?» አለች የክሪክ ሚስት።

«እሱማ ምን ጥርጥር አለው» አለ ወንድሙ፣ ሰዓቱን እያየ።

ክሪክ የሚስቱን ክንድ ለቀቀ። ሠራተኞቹ ዘግተው ወደ ተዉት በር ሄደ። እጀታውን በሁለት ጣቱ ይዞ ወገቡ ድረስ አነሳውና ለቀቀው። በሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ክሪክ አፍጥጦ ጠበቀው፤ ትንሽ እንኳ፣ አንዲት ጣት ታህል እንኳ ዝቅ ቢልለት ምን ነበረበት። አልወረደም።

ውጭ የቆመ መኪና ክላክስ አደረገ።

«ክሪክ» አለ ወንድሙ ከኋላው፣ «እስቲ ከበሩ ዞር በልልን፣ መኪና ይግባ።»