ከጭኔ የተገፈፈው ቆዳ

የአልኮል ሽታ በሸተተኝ ቁጥር፣ መርፌ ልወጋ ጤና ጣቢያ ተቀምጬም ቢሆን፣ ቀድማ ትዝ የምትለኝ ትሁን የምትባለው መንታ እህቴ ናት፤ ከእሷም ጋር ለዓመታት ለሰው ያልነገርኩት ቅናቴ።

ጣሊያን ደብረ ታቦር ከገባ በኋላ አባታችን ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገብቶ ነበር፤ ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቀው ቤታችን የቀረነው እናታችንና እኛ የሰባት ዓመት ልጆቿ ነበርን። በዚያ ክረምት የፈላ የባቄላ ንፍሮ ከነድስቱ ተገልብጦ የትሁንን እግር ከጉልበቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገሸለጠው። እናቴ ቅቤ ቀባች፣ ጠበል አጠጣች፤ ቁስሉ ግን አደይ ፈክቶ ካለፈ በኋላም አልደርቅ አለ። በጥቅምት ከጎረቤት በቅሎ ተውሳ፣ እኔንም የምትተውበት ስላጣች አስከትላ፣ ከተማ ወዳለው ጣሊያናዊ ሐኪም ወሰደቻት።

ሐኪሙ ሁለታችንን ጎን ለጎን አድርጎ ፊታችንን ሲያስተያይ ቆየና፣ የትሁን ገላ ከስቶ ስላለቀ፣ እኛም አንድ መልክ ያለን መንቶች ስለሆንን፣ ከእኔ ጭን ስስ ቆዳ ገፎ እግሯ ላይ ቢተክለው እንደሚይዝ በአስተርጓሚው በኩል ተናገረ።

«አባታቸውስ?» አለ አስተርጓሚው።

«ሞቷል» አለች እናቴ፣ ዓይኗን ሳትሰብር። እኔና ትሁን በሕይወት እንዳለ እናውቅ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «የሺዬ፣ ለእህትሽ ትሰጫታለሽ?» አለችኝ። እሺ አልኩ። ሐኪሙም ጭኔን አልኮል በሚሸት ጥጥ ጠርጎ ቆዳውን ገፈፈና እግሯ ላይ ተከለው።

አጨዳው ሲጀመር ወደ ቤት ተመለስን። የእኔ ጭን ቶሎ ደርቆ ደህና ልጅ ተባልኩና ውኃ መቅዳቱም ጭራሮ መልቀሙም በእኔ ላይ ወደቀ፤ ትሁን ግን እናቴ መደብ ላይ፣ እናቴ ጉያ ውስጥ ትተኛ ነበር። ጎረቤቶች «ታማሚዋስ እንዴት አደረች?» እያሉ ወተትና እንቁላል ይዘው ይመጡ ነበር። አባቴ እንኳ ከዱር ሆኖ በታመነ ሰው እጅ አንድ ቅል ማር ልኮ፣ እናቴ በጣቷ እየጠቀሰች ስታጎርሳት ቆሜ አይ ነበር። «እኔስ?» ስላት፣ «አንቺማ ደህና ነሽ» ትለኝ ነበር።

በኅዳር አንድ ቀን እናቴ አጨዳ ስትሄድ መደቡ ላይ ወጥቼ፣ «ቆዳዬን መልሺልኝ!» አልኩና ፋሻውን ፈትቼ የተተከለውን ቆዳ ጠርዝ በጥፍሬ ቧጨርኩት። ደም ወጣ።

«ውሰጂው» አለችኝ ትሁን እንባዋ እየወረደ፤ «አንቺ እዚህ ተኚ፣ እኔ ውኃ ልቅዳ።»

እናቴ ተመልሳ ደሙን ስታይ ይዛኝ እጇን አነሳች፤ ግን አልመታችኝም። ፋሻውን መልሳ እያሰረች፣ «አባታችሁ ሲመለስ ሁለታችሁንም ነው የማስረክበው፤ አንዷን ብቻ አይደለም» አለች። አፈርኩ፤ ቅናቴ ግን በማፈሬ አልለቀቀኝም። በጥምቀት እናቴ ትሁንን አዝላ ታቦት ስታጅብ፣ እኔ ከኋላ የነጠላዋን ጫፍ ይዤ፣ ምነው እኔ ተቃጥዬ በነበር እያልኩ እሄድ ነበር።

የቧጨርኩት ጠርዝ ጠቆረና ተቀረፈ፤ የቀረው ያዘ። ለፋሲካ ትሁን በዱላ፣ በክረምት ያለ ዱላ ሄደች። ጣሊያን ወጥቶ አባቴ ሲመለስ ቀሚሷን ገለጥ አድርጎ እግሯን ሳመ፤ የእኔን ጭን ያሳየው የለም፣ እኔም አላሳየሁትም።

ትሁንም እኔም አርጅተናል፤ እግሯን የቧጨርኩበትን ቀን ግን አንስተን አናውቅም። በዚያን ጊዜ ሰው ቤት የገባ ሁሉ ስለ ታማሚው ብቻ ጠይቆ ይወጣ ነበር፤ ዛሬም ብዙው እንደዚያው ነው። እኔ ግን የታመመ ልጅ ያለበት ቤት ስገባ፣ ዓይኔ አስቀድሞ የሚፈልገው ወዲያ ወዲህ የሚላላከውን ሌላውን ልጅ ነው። ጠርቼ፣ «አንተስ እንዴት ሰነበትክ?» እለዋለሁ። ብዙውን ጊዜ ተጠግቶኝ ይቀመጣል።