ለደህንነትዎ ሲባል

ሊፍት ጠጋኙን ሁሉም ፍሬኑ ይለዋል። ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ፍሬኑን በገዛ እጁ ሳይሞክር ሊፍት ስለማይለቅ። የሕንፃው ባለቤት ቢቆጣ፣ ተከራዩ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ቢሳደብ ንቅንቅ አይልም። አንድ ሕግም አለው፤ ሰው ውስጥ እያለ ሊፍት አይፈታም። በየፎቁ «በጥገና ላይ» የሚል ጽሑፍ ይሰቅላል፣ በሩን ከፍቶ ውስጡን በባትሪ ያያል፣ ከዚያ «ሰው አለ?» ብሎ ይጮኻል። ባዶ መሆኑን በዓይኑ እያየም ይጮኻል። ባልደረቦቹ ይስቁበታል። ይሳቁ።

እንዲህ ያለ ሰው አፕዴት የሚባለውን ነገር ቢጠላ ምን ይፈረድበታል? በደህና የሚሠራን ዕቃ ማን ንኩልኝ አላቸው? ዛሬ የለመድከው ቁልፍ ነገ ቦታውን ቀይሮ ይጠብቅሃል፤ ለምን ብለህ የምትጠይቀው ሰው የለም። ፍሬኑ ስልኩ ቀይ ነጥብ ባወጣ ቁጥር «በኋላ» የምትለዋን እየነካ ያልፋል። «በኋላ» እያለ ዓመታት ሄደዋል፤ ስልኩም ይኸው ይሠራል።

ቤት ያለው ታብሌት ግን የሚስቱ ነው። እሷ ዕድሜዋን በአውቶቡስ መናኸሪያ ማይክሮፎን ላይ የጨረሰች፣ ተሳፋሪ ሁሉ ፊቷን ሳያይ በድምጿ የሚያውቃት ሴት ናት። ጉሮሮዋ ታሞ ማንቁርቷ በቀዶ ጥገና እንደሚወጣ ሲነገራት አለቀሰች፤ አልቅሳ ሲወጣላት ደግሞ የወጥ ቤቱን መስኮት ዘግታ ድምጿን ታብሌቱ ላይ መቅዳት ጀመረች። የምትቀዳበት አፕ ቀላል ነው፤ ለየቃሉ ሥዕል አለው፣ ሥዕሉን ስትነካው የቀዳችው ይሰማል። «ውሃ»፣ «በሩን ዝጋው»፣ «እንዴት ዋልክ»። የፍቅር ቃል ብትፈልግ ጥቂት ነው፣ ቁጣው ግን በሽበሽ። የጫማ ሥዕል ስትነካ «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም ጫማህን በር ላይ ገተርከው?» ይላል። የሳህኑ ሥዕል በመናኸሪያ ድምጿ «ውድ ተሳፋሪዎች፣ ምሳ ቀርቧል» ይላል። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ አንገቷ ላይ ባለች ቀዳዳ ትተነፍሳለች፣ በታብሌቷ ትቆጣለች። ፍሬኑ በዚህ ቤት ድምፅ ጎደለ ብሎ አያውቅም ነበር።

ነገሩን ያመጣችው ባንክ የምትሠራው ልጃቸው ናት። ልትጠይቃቸው መጥታ ገና ሳትቀመጥ፣ «አባዬ፣ የእማዬ ታብሌት አፕዴት ይደረግ። ሲስተሙ ቀዳዳ ተገኝቶበታል፣ ሌባ በዚያ እየገባ ነው። የሥራ ባልደረባዬን ፎቶ ሙልጭ አድርገው ወስደውባታል» አለች።

እናትየው ጣቷን ወደ አንገቷ ቀዳዳ ቀስራ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

«ቀዳዳውን የተዉት እነማን ናቸው?» አለ ፍሬኑ።

«የሠሩት ሰዎች ናቸዋ።»

«የሚደፍኑትስ?»

«እነሱው።»

«ታዲያ እኔ እዚህ ውስጥ ምን ቤት ነኝ?»

«የደህንነት አፕዴት ነው አባዬ፣ አትከራከረኝ።»

ደህንነት ሲባል የፍሬኑ ጆሮ ይቆማል። በእሱ ዕድሜ ላለ ሰው ደህንነት ማለት ማዶ ቆሞ የተገለበጠ ጋዜጣ የሚያነብ ሰውዬ ነው። «ደህንነት መጣልህ ተብዬ ደስ ብሎኝ አያውቅም» አለ። ልጅቷ ስቃ ሄደች፤ እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ታብሌቱን ባየ ቁጥር ሌባ ይታየው ጀመር። የሰው ፎቶ የወሰደ፣ የሚስቱን ድምፅ የማይወስድበት ምን ምክንያት አለ?

አንድ ቀን ምሳ በልተው እሷን ሸለብ አድርጓት ሳለ ታብሌቱ ላይ የአፕዴቱ ማስታወቂያ ብልጭ አለ። «ለደህንነትዎ ሲባል።» ሳይቀሰቅሳት፣ ሳይጠይቃት፣ «እስማማለሁ» የምትለዋን ነካት።

ታብሌቱ ጠፋ፣ በራ፣ ደግሞ ጠፋ። በመጨረሻ ሲከፈት የድምጿን አፕ ነካው። «ለደህንነትዎ ሲባል ይህ መተግበሪያ በአዲሱ ሲስተም ላይ አይከፈትም» አለው።

ድንቄም ደህንነት! ዘራፊ እንኳ ሲዘርፍ ለደህንነትዎ ሲባል አይልም። ሌባው ገና አልመጣም፤ ጠባቂ ነኝ ባዩ ቀድሞት ገብቶ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ሄደ። ፍሬኑን ከሁሉም ያንገበገበው የገዛ ጣቱ ነው፤ በሥራው አንድ ቀን ያላደረገውን፣ ሰው ውስጥ እያለ ፈታው።

ሚስቱ ተነሥታ የውሃውን ሥዕል ፈለገች። አጣችው። ታብሌቱን አየች፣ እሱን አየች። ልትቆጣው ፈለገች፤ መቆጫውም እዚያው ውስጥ ነበር።

ልጅቷ እየሮጠች መጥታ ሌላ አፕ ጫነችላት፤ በማትታወቅ ሴት ድምፅ «ውሃ። እባክህ» የሚል። እናትየው ታብሌቱን በክርኗ ገፋችው። በሰው አፍ ባሏን ከምትቆጣ ዝም ብትል ይሻላታል።

ፍሬኑ ወደ ታብሌቱ ኩባንያ ደወለ። ሙዚቃ አስደመጡት፣ ስለ ትዕግሥቱ አመሰገኑት፤ የምን ትዕግሥት? በመጨረሻ አንዲት ሠራተኛ አነሣች። ከአፕዴቱ በፊት የነበረው የታብሌቱ ቅጂ እነሱ ዘንድ ለጥቂት ቀን እንደሚቆይ፣ ከዚያ ለዘላለሙ እንደሚሰረዝ፣ አሁን ግን መመለስ እንደሚቻል ነገረችው።

«ባለቤት ነዎት?» አለችው።

«አዎ፣ ባለቤቷ ነኝ!»

«የትውልድ ቀንዎን ይንገሩኝ።»

ነገራት። የራሱን።

«አይመሳሰልም፣ ጌታዬ። እስቲ ይድገሙት።»

«የተወለድኩበትን ቀን ላስተምርሽ እንዴ?» ብሎ ያንኑ ደገመላት።

«ጌታዬ፣ አካውንቱ እኮ በሴት ስም ነው።»

«እሷ ናታ! ባለቤቴ! እኔ ባሏ ነኝ!»

በስልኩ ውስጥ ቁልፍ ሲነካ ተሰማ። «የተሳሳተ መረጃ ስለተሰጠ ሲስተሙ አካውንቱን ዘግቶታል። አሁን የሚከፈተው የአካውንቱ ባለቤት ራሳቸው በድምፃቸው ሲያረጋግጡ ብቻ ነው። ስማቸውን ይናገሩ፣ በቂ ነው።»

«የኔ እህት፣ እሷ ድምፅ የላትም! ያላት ድምፅ እናንተ የቆለፋችሁት ውስጥ ነው ያለው! ምን አድርጊ ነው የምትሏት?»

«ይገባኛል፣ ጌታዬ። ግን አሠራራችን ነው።»

ስልኩን ከግድግዳው ጋር ሊያላትመው እጁን አነሣ። ሚስቱ ክንዱን ያዘችው። ስልኩን ከጣቶቹ ውስጥ ፈልቅቃ ወሰደችና አንገቷ ላይ፣ ቀዳዳው አፍ ላይ ለጠፈችው። ከዚያ ተነፈሰች። በኃይል፣ ደግማ ደጋግማ፣ ፊቷ ደም እስኪመስል።

«ሄሎ?» አለች ሠራተኛዋ። «ሄሎ? ድምፅዎ አይሰማኝም፤ እባክዎ ጠጋ ብለው ይናገሩ።»