የሲምብር ጫጩቶች ደም

ባለፈው ሳምንት ጎንደር ላይ ነርሷ ለስኳር ምርመራ ጣቴን ስትወጋኝ፣ ሳላስበው “ደሙን ለምን ፈለግሽው?” አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን ሐሳቤ መተማ ሄዶ ነበር።

ያኔ የእንስሳት ጤና ተምሬ እዚያው መተማ፣ ገንዳ ውሃ ከተማ የተመደብኩ ወጣት ነበርኩ። ክረምቱ ሲገባ፣ ጥቁሩ ጭቃ ጫማ በሚነጥቅበት ሰሞን፣ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ዶክተር ትዕግስት የምትባል ተመራማሪ መጣች። ሲምብር የምንላት ባለረጅም እግር ወፍ ዝናብ ተከትላ መጥታ ትፈለፍላለች። ትዕግስት ከጫጩቶቹ ክንፍ ሥር ጠብታ ደም እየቀዳች ጤናቸውን ትመረምር ነበር።

የወፎቹ ጎጆዎች የነበሩት አያ ሙላው ግቢ፣ ሾላው ዛፍ ላይ ነው። አያ ሙላው ሰሊጥና ማሽላ ሊያርሱ ከደጋ የወረዱ ሽማግሌ ናቸው።

“ደም የሚሻ ጠንቋይ ነው” አሉ በሩ ላይ ቆመው።

“ደሙ ሕመሙን ይናገራል፣ አያ ሙላው” አለች።

እያጉረመረሙ አስገቡን። በማግሥቱ ግን ሁለት ጫጩቶች እየተንቀጠቀጡ ወድቀው ሞቱ። መንደርተኛው ተሰበሰበ፤ በሩ ተዘጋብን። እውነት ለመናገር እኔም ተጠራጠርኩ።

“መርፌው ላይ ምን ነበረበት?” አልኳት በሹክሹክታ።

“አንተም?” አለችና ውጤቱን አሳየችኝ። የጫጩቶቹ የደም ስኳር ደህና ነው። የተባይ መርዝ ሲነካው የሚወርደው የደም ኢንዛይም ግን ክፉኛ ወርዷል። ደሙን ስንቀዳ ጫጩቶቹ ተመርዘው ነበር ማለት ነው።

“አያ ሙላው፣ ማሽላው ላይ ምን ረጩ?” አልኩ በሩን አስከፍቼ።

ለፌንጣው ብለው ከድንበር ጽሑፍ የሌለው በርሜል መድኃኒት መግዛታቸውን ተናገሩ። ለካ ወፎቹ የተረጨውን ፌንጣ ለልጆቻቸው ሲያጎርሱ ከርመዋል።

ያኔ ምራታቸው ዘነበች፣ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ከቤት ብቅ አለች። “አባባ፣ በዚያ በርሜል እኮ ውሃ እያጠራቀምን ነው። ራሴን የሚያዞረኝ...”

ሽማግሌው ክንዳቸውን ለትዕግስት ዘረጉ። “እሷን ሳትነኪ መጀመሪያ እኔን ቅጂ።”

“የእኔ መሣሪያ ለወፍ ነው፤ ሆስፒታል እንሂድ” አለች። እንደገና ጠረጠሯት፤ ቢሆንም ባጃጅ ላይ ከምራታቸው ጎን ተቀመጡ። ዘነበች ታክማ ዳነች፤ በሰላምም ተገላገለች። በርሜሉን አያ ሙላው ራሳቸው በመጥረቢያ ፈለጡት። በቀጣዩ ክረምት ስንመለስ፣ የመርፌው ማሸጊያ ዓይናቸው እያየ ካልተቀደደ ሾላው ላይ አላስወጡንም።

አሁን እሳቸው የሉም። ዘነበች ግን ሰኔ ሲገባ ትደውልልኛለች፤ ሲምብሮቹ መምጣታቸውን ታበሥረኛለች። “ዘንድሮ ምን ረጫችሁ?” እላታለሁ። “ምንም” ትለኛለች።

እንደ እህቴ እወዳታለሁ፤ ግን አላምናትም።