ጉሮሮዬ ላይ ያረፈው እጅ

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ወጥቻለሁ። ከዚህ በፊት እዚህ ቆሜ አላውቅም። ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ ውጭ ቢጫ ሰደርያ ለብሼ መኪና ሳስቆም ነው። ንግግር አልችልም፤ የሆነውን ግን እንደሆነው እናገራለሁ።

በመጀመሪያ በዚያ ክፍል የነበርነውን ልጥራ፤ ብቻዬን ያየሁት ነገር አይደለምና። የጸሎት ቡድኑ መሪ ወንድም ተስፋዬ ነበረ። ጊታር የያዘችው እህት ሊያ ነበረች። እናቴ አልማዝ ነበረች፤ ይኸው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። እማማ ጥሩነሽ ነበሩ፤ ቡድኑ የመጣው እሳቸውን ሊጠይቅ ነው። ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ያልሆኑት ደግሞ እማማ ሜይ የምላቸው ቻይናዊት እናት እና ከሊትልተን የመጣችው ልጃቸው ሊሊ ናቸው። ሌላው እኔ ነኝ። ክፍሉ ያለው እማማ ጥሩነሽና እማማ ሜይ በሚኖሩበት፣ ከቻምበርስ ሮድ ገባ ብሎ በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ነው፤ እኔ እዚያ ተንከባካቢ ሆኜ እሠራለሁ።

ያደግኩት በአማኝ ቤት ነው። አሜሪካ መጥተን እዚህ አውሮራ ከገባን በኋላ አባቴ ታመመ። ሐኪሙ "የምንችለውን አድርገናል" ሲለን አላመንኩትም። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጮኬ ጸለይኩ፤ ነርሷ መጥታ "እባክህ፣ ሌሎች በሽተኞች አሉ" እስክትለኝ ድረስ። አባቴ ሞተ።

ከዚያ በኋላ መዝሙር ሲጀመር ድምፄ አይወጣም ነበር። እግዚአብሔር የለም አላልኩም፤ ከእኔ ጋር ጉዳይ የለውም ብዬ ልቤን ዘጋሁ እንጂ። ነገር ግን እናቴን ላለማሳዘን እሑድ እሑድ ከጎኗ ቆሜ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ። ቃሉን ሁሉ ስለማውቀው የሚያየኝ ሰው ይዘምራል ይላል። ከውስጥ ግን ባዶ ነበርኩ።

እማማ ሜይ በረዶ በጀመረ ሰሞን ነው ስትሮክ መትቷቸው ወደ ቤቱ የመጡት። እንግሊዝኛ ብዙም አይናገሩም። እኔ ከስልኬ ጥቂት የቻይንኛ ቃላት ተማርኩ፤ ውኃ፣ ያምማል፣ በቃኝ። ስናገር ይስቁብኛል። እማማ ጥሩነሽ ግን ምንም ሳይማሩ ቀኑን ሙሉ በአማርኛ ያጫውቷቸዋል።

"እማማ፣ ምኑ ይገባቸዋል ብለው ነው?" እላቸዋለሁ።

"ከእናንተ ይልቅ እሷ ታዳምጠኛለች። ቢያንስ ስልክ አትጎረጉርም" ይሉኛል።

አንድ ነገር ግን ግራ ያጋባን ነበር። እማማ ሜይ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ከንፈራቸው ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል። የቤቱ ሐኪም "ከስትሮኩ ሊሆን ይችላል፤ ካላስቸገራቸው ተዉት" አለ። ሊሊ ደግሞ "ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነበረች፤ ልማድ ነው" አለችን።

የጸሎት ቡድኑ በመጣበት እሑድ ከሰዓት እህት ሊያ አንድ አሮጌ መዝሙር ጀመረች፤ ዜማው ከሩቅ አገር የመጣ፣ በብዙ ቋንቋ የሚዘመር ነው። እኔም እንደ ልማዴ ከንፈሬን ማንቀሳቀስ ያዝኩ። መካከሉ ላይ ስንደርስ እማማ ጥሩነሽ እጃቸውን አነሱ።

"ዝም በሉ! ዝም በሉና ይቺን ሴት እዩ!"

እኛ ስናቆም እማማ ሜይ አላቆሙም። ዓይናቸው ተጨፍኖ ከንፈራቸው ይሄዳል፤ ጣታቸው መዳፋቸው ላይ የመዝሙሩን ምት ይመታል።

"እየዘመረች ነው እኮ!" አሉ እማማ ጥሩነሽ። "በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤታችን ታሽጎ በየቤቱ ስንደበቅ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ እኛም እንዲህ ነበር የምንዘምረው።"

ወንድም ተስፋዬ ይህን ለሊሊ በእንግሊዝኛ ነገራት። ሊሊ እናቷ እግር ሥር ተቀምጣ በቻይንኛ ጠየቀቻቸው። እማማ ሜይ ዓይናቸውን ገልጠው መናገር ጀመሩ። ሊሊ እያለቀሰች ተረጎመችልን።

እማማ ሜይ ልጅ ሳሉ በአገራቸው ሃይማኖትን የሚያሳድድ ትልቅ ሁከት ተነሣ። አባታቸው የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። አንድ ቀን የገዛ ተማሪዎቻቸው ክንዳቸው ላይ ቀይ ጨርቅ አስረው መጡ፤ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ግቢው መካከል አቃጠሉ፤ እሳቸውንም አንገታቸው ላይ ሰሌዳ አንጠልጥለው በርጩማ ላይ አቆሟቸው። ብዙ ቤተሰብ በአንድ ግቢ ነበር የሚኖረው። ክፍላቸውን ከጎረቤት የሚለየው ስስ ጣውላ ነው፤ የተሰማ ነገር ሁሉ ለሰፈሩ የአብዮት ኮሚቴ ይነገራል።

ታዲያ አባትየው ልጆቻቸውን ያለ ድምፅ መዘመር አስተማሯቸው። ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ይቀመጣሉ። አባትየው ምቱን በጣታቸው መዳፋቸው ላይ ይመታሉ፤ ከዚያ እጃቸውን በየተራ በየልጁ ጉሮሮ ላይ ያሳርፋሉ። ጉሮሮው ከተንቀጠቀጠ "አለ" ብለው ያንሾካሽካሉ። ድምፅ አለ፣ አቁም ማለት ነው። ታናሽ ወንድማቸው ሳቁ እያመለጠው ያስቸግር ነበር።

መምህሩን ሊወስዷቸው በመጡ ጊዜ ከቤተሰቡ ጋር እንዲነጋገሩ አልተፈቀደም። እጃቸው ታስሯል። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞረው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ትንሿ ሜይ አነበበችው፤ እኛ ያን ቀን የዘመርነው መዝሙር ነበር። አባቷ በዚያው ቀሩ። እሷም መዝሙሩን አልተወችም።

"እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?" አለች ሊሊ።

"ከማን መደበቅ እንዳለብሽ ሳታውቂ እንድታድጊ ብዬ" አሏት።

ከዚያ እማማ ሜይ ወደ እኔ ዞሩ። በጣታቸው እየጠቆሙኝ አንድ ነገር አሉ። ሊሊ አመነታች።

"ምን አሉ?" አልኳት።

"አንተም ያለ ድምፅ ስትዘምር አይቼሃለሁ ነው የምትልህ። እዚህ አገርም ያሳድዱሃል ወይ? ከማን ነው የምትደበቀው?"

ወገኖቼ፣ እሳቸው እንደ ራሳቸው ቆጥረውኝ ነበር! እሳቸው ድምፃቸውን የዋጡት ያላቸውን እንዳይነጠቁ ነው፤ እኔ የዋጥኩት የሌለኝን እንዳለኝ ለማስመሰል ነው። እያዘኑልኝ ሲያዩኝ መዋሸት አቃተኝ።

"ከእናቴ" አልኩ።

እናቴን ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ። እሷ ግን "አንተ ልጅ፣ ድምፅህን የማላውቀው መሰለህ?" አለችኝ። "አባትህ ካረፈ ጀምሮ ከጎንህ ቆሜ ስፈልገው ነው የኖርኩት። ከተናገርኩ መምጣቱንም ይተወዋል ብዬ ዝም አልኩ።"

እማማ ሜይ ጠሩኝ። ፊታቸው ተንበረከክኩ። ቀዝቃዛ እጃቸውን ጉሮሮዬ ላይ አሳረፉና ለሊሊ አንድ ነገር ተናገሩ። "እዚህ ከግድግዳው ጀርባ የሚያዳምጥ የለም" ብላ ተረጎመችልኝ።

እኚህ እናት አባታቸው አልተመለሱላቸውም። የእኔም አባት አልተመለሰም። እሳቸው ግን የሚዘምሩለትን ጌታ አልጣሉትም፤ እሱም እስከዚያ መስኮት ድረስ አብሯቸው መጥቷል! ስሙ ይባረክ! አፌን ከፈትኩ። የወጣው መዝሙር አልነበረም። "ጌታ ሆይ፣ ተቀይሜሃለሁ፤ ቢሆንም ተቀበለኝ" አልኩ። ድምፄ የሻከረ ነበር፤ ግን ድምፅ ነበር።

እማማ ሜይ እጃቸውን ሳያነሱ ሳቁና አንዲት ቃል ጮክ ብለው ተናገሩ። ሊሊ መተርጎም አላስፈለጋትም። አባታቸው ያንሾካሽኩት የነበረው፣ ሲተርኩልንም በቻይንኛ የሰማነው ቃል ነው።

"አለ!"

ሃሌ ሉያ! ከዚያ መዝሙሩን ከመጀመሪያው ጀመርነው፤ እኔም ዘመርኩ።

አባቴ ለምን እንደሞተ ዛሬም አላውቅም። ልቤን የዘጋሁበት ጌታ ግን እንደተቀበለኝ አውቃለሁ፤ ክብር ለእሱ ይሁን። እዚህ መካከል አፉ እየዘመረ ልቡ ዝም ያለ ሰው ካለ፣ ቅሬታውንም ይዞ ወደ ጌታ ይምጣ። እኔን ገፍቶ አልመለሰኝም፤ አንተንም፣ አንቺንም ገፍቶ አይመልስም።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ስንዘምር እያለቀስኩ ስለነበር፣ እማማ ሜይ ድምፅ አውጥተው ይዘምሩ እንደሆነ አልሰማሁም። እማማ ጥሩነሽ "በጆሮዬ ሰምቻለሁ" ይላሉ፤ ነገር ግን ያን ቀን የጆሮ መስሚያ መሣሪያቸው መሳቢያ ውስጥ ነበር። እህት ሊያ፣ አንቺ በቀኛቸው ነበርሽ። ወንድም ተስፋዬ፣ አንተ ከወንበራቸው ጀርባ ነበርክ። እማዬ፣ አንቺ ግራ እጃቸውን ይዘሽ ነበር። እኔ ልቀመጥ፤ የሰማችሁ ተነሡና ለጉባኤው ንገሩ።