ቆጠራ የሳትኩበት ጥቅል

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ አካባቢ አባቴ ጎንደር አዲስ ዓለም ውስጥ ሬዲዮ ይጠግን ነበር። ዓይኑ እየደከመ ሲመጣ ጥቃቅኑን ሥራ ለእኔ ተወልኝ። ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ሳይበጥስ የሚጠመጥም ሌላ ሰው ቤታችን አልነበረም።

አንድ ቀን ሆቴል ውስጥ የሚጫወት ጊታሪስት የኤሌክትሪክ ጊታሩን ታቅፎ መጣ።

«አያ፣ ድምፁ ጠፋብኝ» አለው አባቴን።

ከክሮቹ ሥር ሁለት ፒካፖች አሉ። የክሩን ንዝረት ተቀብለው ወደ ማጉያው የሚልኩት እነሱ ናቸው። አንደኛው ዝም ብሏል። ስከፍተው ሁለት የሽቦ ጥቅሎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ከሥራቸው ማግኔት አለ። የክረምት ዝናብ ገብቶበት ሽቦው አረንጓዴ ሆኖ ተበላልቷል።

አባቴ በጣቱ ዳሰሰው። «ሁለቱ በተቃራኒ ስለሚሠሩ ነው ከመብራቱ መስመር የሚገባውን ጉርምርምታ የሚያጠፉት። አምስት አምስት ሺህ ዙር ስጫቸው፤ እኩል ይሁኑ» አለኝ።

የእጅ መሰርሰሪያ ጠረጴዛው ላይ አስሬ ጥቅሉን ጫፉ ላይ ሰካሁና ማዞር ጀመርኩ። በየመቶው ዙር አንድ ሽምብራ ሳህን ውስጥ እጥላለሁ። የመጀመሪያው በሰላም አለቀ። ሁለተኛውን እንደጀመርኩ ለአንድ የአይከል ነጋዴ እኔን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። አባቴ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀበላቸው።

«ልጅቱ ምን ትላለች?» ሲሉ ሰማሁ።

እጄ ማዞሩን አላቆመም፣ ሽምብራውን ግን መጣል ረስቻለሁ። ስነቃ የት እንደደረስኩ አላወቅኩም። በግምት ቆረጥኩት።

ጊታሪስቱ ሲመለስ ጊታሩን ከትልቁ ሬዲዮ ጋር አገናኘነው። ክሩን ሲነካው ቤቱን የሞላው ድምፅ ጥርት ያለ፣ ጫፉ የሚቆረቁር ነበር። ጊታሪስቱ ፈገግ አለ፣ ወዲያው ግን ጆሮውን ወደ ሬዲዮው አስጠጋ።

«ትንሽ ያጉረመርማል።»

አፈርኩ። «ቆጠራ ስቼ ነው፤ አስተካክለዋለሁ» አልኩና ሁለተኛውን ፈትቼ እንደገና ጠመጠምኩት፤ ልክ ሃምሳ ሽምብራ። ጉርምርምታው ጠፋ፤ ጊታሪስቱም ጊታሩን ይዞ ሄደ።

ሽማግሌዎቹ ለመልስ ሲመጡ አይከል አልሄድም አልኩ። አባቴ ሁለት ቀን ሳያናግረኝ ቆየ፤ በሦስተኛው ቀን የተበላሸ ሬዲዮ አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠ።

በሳምንቱ ጊታሪስቱ ተመለሰ። እንቅልፍ ያጣ ይመስላል።

«ሸጋ ነው፤ አይጮህም። ግን ደነዘዘ፣ ጠርዝ የለውም። የመጀመሪያውን ድምፅ መልሺልኝ።»

«ያን ቆጠራ የሳትኩበትንማ ፈታሁት!»

ጨነቀን። ፋብሪካው እንዴት እንደሠራው ለማወቅ ያልተበላሸውን ሌላኛውን ፒካፕ ከፍተን በኤሌክትሪክ መለኪያ አየነው። የመለኪያው መርፌ ለሁለቱ ጥቅሎች አንድ ቦታ ላይ አልቆመም። ፋብሪካ የተጠመጠሙትም እኩል አልነበሩም! የሁለቱን ፒካፖች ማግኔቶች በምስማር ሞከርናቸው፤ አንደኛው ምስማሩን አንጠልጥሎ ያዘ፣ ሌላኛው ጣለው። አባቴ ሳቀ።

«ለካ እዚያም ቆጠራ የሚስት ሰው አለ» አለ።

ከዚያ በኋላ ዕረፍት አጣሁ። ሁለተኛውን ጥቅል ሁለት መቶ ዙር አጉድዬ ሞከርኩ፣ ከዚያ አራት መቶ። ጠበቅ አድርጌ ስጠመጥመው ድምፁ ይጨመቃል፤ ላላ አድርጌ፣ ሽቦውን ወዲያና ወዲህ እየበተንኩ ስጠመጥመው ይከፈታል። የነበረን አልቆ የገዛነው አዲስ ሽቦ ሽፋኑ ወፈር ስለሚል በዚያው ዙር ሌላ ድምፅ ይሰጣል። ምግብ ቀርቦልኝ እየተነሳሁ ወደ ጠረጴዛው እሄዳለሁ። አንዳንዴ እስከ ቀሐ ወንዝ ወርጄ እመለስና ፈትቼ እንደገና እጀምራለሁ። ጊታሪስቱ በየቀኑ እየመጣ ይሞክራል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ይሄዳል።

በስድስተኛው ሙከራ ብዙ ተጫወተ። እኔ ቆሜ ጣቶቹን አያለሁ።

«ያ አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ይህን ግን እንዳትነኪው።»

ይዞት ሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ ከባንዱ ጋር ወደ አሥመራ ተዛወረ። በዓመቱ በከባድ መኪና ሾፌር እጅ ወረቀት ላከልኝ። እዚያ ያለ ጓደኛው ድምፁን ወዶት የራሱን እንደዚያው ማስጠምጠም ፈልጓል፤ ስንት ዙር እንደሆነ ይጠይቀኛል። ቁጥሩን መዝግቤ ስለነበር ጻፍኩለት። እጄ የት ላይ እንደጠበቀ፣ የት ላይ እንደላላ ግን እንዴት እንደምጽፍ ጠፍቶኝ ወረቀቱን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ሾፌሩ ከውጭ ጡሩምባውን ነፋ፤ እንዳለ አጥፌ ሰጠሁት።