ጨው የጎደለው ወጥ

ሐኪሙ አባቴን ጨው ስለከለከለው፣ ደብረ ማርቆስ እኔ ቤት ከመጣ ወዲህ ያለ ጨው ነው የምሠራው። ዛሬ ሽሮውን ሳማስል እጄ ለምዶበት ወደ ጨው ዕቃው ሲሄድ ሳቄ መጣ።

ልጅ ሆኜ ደብረ ኤልያስ አጠገብ ስንኖር፣ አባቴና አያቴ ቀድመው ይበላሉ፤ እናቴ ቆማ ታስተናግዳለች። የእሷ ድርሻ ከገበታው የተረፈው ነው። «እየሠራሁ ቀምሼ ጠግቤያለሁ» ትላለች። ወንድሜን አርግዛ ሳለች አንድ ቀን ከምንጭ ስትመለስ አዙሯት ወደቀች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባቴ ምላስ ተበላሸ።

«ይህ ወጥ ጨው የለውም። እስቲ ነይ ቅመሺው።»

እናቴ ጎንበስ ብላ ትቀምሳለች። «ኧረ አለው!»

«በዚህ በኩል ነው የሌለው። ቁጭ ብለሽ ቅመሺ እንጂ!»

እኔ ጨው ይዤ እሮጣለሁ፤ የሚቀበለኝ የለም። እናቴ ከዳር እስከ ዳር ስትቀምስ እንጀራው ይጋመሳል። አያቴ አቀርቅራ እየሳቀች፣ «ይሄ ምላስ የሚድነው ልጁ ሲወለድ ነው» ትላለች። ሕፃን ምላስ እንዴት እንደሚያድን ግራ ይገባኝ ነበር።

ወንድሜ ድብልብል ብሎ ተወለደ። የአባቴ ምላስ ግን አልዳነም፤ እናቴም ከገበታው ሳትነሣ ቀረች።

ዛሬ ሽሮውን አቀረብሁለትና የሰባት ወር ሆዴን ደግፌ አጠገቡ ቆምሁ። አንድ ጊዜ ጎረሰና ፊቱን ቋጠረ።

«ጨው በዝቶበታል። እስቲ ነይ ቅመሺው።»

እጄን ታጥቤ ተቀመጥሁ።