ፓስተሩ ሦስት ቁርስ የበላበት እሑድ

ባለፈው ማክሰኞ በቤተ ክርስቲያናችን የሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ ቀረበ። እሑድ ለእጩነት የሚሰብከው አዲሱ ፓስተር ጠዋት ሻይና በዘይት የሚጠበሰው ማንዳዚ ብቻ ይቀርብለት፣ ከዚያ ውጪ ማንም ምንም እንዳያቀምሰው የሚል። እትዬ ዘነቡ ደገፉ፣ ሁላችንም እጃችንን አወጣን። በቅርቡ የተመረጠው ወጣት ሽማግሌ ግን ግራ ገብቶት "ለማንዳዚም ድምፅ ይሰጣል እንዴ?" ሲል፣ እትዬ ዘነቡ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው መሳቅ ጀመሩ። እኔም ተከተልኳቸው። ልጁ በኬንያ በኩል ወዳለችው ሞያሌያችን ከመምጣቱ በፊት የሆነ ነገር ስለሆነ አልፈርድበትም።

ያኔ አስፋልቱ ገና አልደረሰልንም። ከናይሮቢ የተነሳ ሰው ከማርሳቢት ወዲህ ባለው ጥቁር ድንጋይና አቧራ በአውቶቡስ ሲናጥ ቆይቶ ሞያሌ ሲወርድ፣ እናቱም ብትሆን በድምፁ ነው የምትለየው። እኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በገበያው መንገድ ፎቶ ኮፒ የማነሳበትና የስልክ ካርድ የምሸጥበት ሱቅ ነበረኝ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ከስዋሂሊ ወደ አማርኛ አስተረጉማለሁ። ለዚህ የተመረጥኩት ምላሷ ፈጣን ነው ተብዬ ነው። ሲያመሰግኑኝ ይሁን ሲወቅሱኝ እስካሁን አልገባኝም።

ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳዋም ጣሪያዋም ቆርቆሮ ነው። ምእመኖቿ ሁላችን ብንጫን አንድ ሎሪ አንሞላም፤ ከኢትዮጵያ በስደት መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰዎች፣ ጥቂት ቦረናዎች፣ መንግሥት ከደቡብ፣ ከታች አገር የመደባቸው አስተማሪዎች። በሥርዓታችን ሽማግሌዎች ቤቱን ያስተዳድራሉ እንጂ ማጥመቅና ቅዱስ ቁርባን ማካፈል የፓስተር ድርሻ ነው። ፓስተር ደግሞ አይበረክትልንም። አንዱ ሙቀቱን አልቻለም፤ አንዱ ለዕረፍት ብሎ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ የመጨረሻው ምግቡ አልተስማማኝም ብሎ ሻንጣውን አነሳ። የእትዬ ዘነቡ የልጅ ልጅ የሚያጠምቃት ፓስተር ስትጠብቅ ጥርስ አወጣች፣ ቆመች፣ ጭራሽ መሮጥ ጀመረች። በመጨረሻም የበላይ ጉባኤው ቁርጡን ነገረን። አሁን የምንልክላችሁ ሰው እንቢ ካለ ሌላ የለንም፣ ወደ ማርሳቢት ትጠቃለላላችሁ አለን። ማርሳቢት ድረስ ለቅዳሴ፣ ይቅርታ፣ ለአምልኮ የሚሄድ ሰው ስለሌለ፣ በራችን ይዘጋል ማለት ነበር።

ሽማግሌዎቻችን ሦስት ነበሩ። የጉባኤያቸው ጸሐፊ ጋሽ መርዕድ የድሮ ወታደር፣ በሙያቸው የሎሪ መካኒክ ናቸው። ከሥርዓት ፍቅራቸው የተነሳ ማዕድ ሲባረክ እንኳ "የሚደግፍ አለ?" ይላሉ እየተባለ ይታሙ ነበር። እትዬ ዘነቡ ሎሪዎቹ ከሚቆሙበት ሜዳ አጠገብ ምግብ ቤት አላቸው፤ ሾፌሮቹ ያንን መንገድ የሚችሉት የእሳቸውን ጥብስ እያሰቡ ነው። ኦቦ ጉዮ ቦረና ናቸው፣ ጡረታ የወጡ ፖሊስ። ከከተማው በታች ባለው ሜዳ፣ ጎልቦ ላይ፣ ብዙ ግመል አላቸው፤ ብዙ ንግግር ግን የላቸውም።

እጩው ፓስተር ሙቱሪ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ፊት ለፊት አንቱ የምለው ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ገና ልጅ ስለነበር እንደዚያው ልጥራው። ሻይ ከሚበቅልበት፣ ጠዋት ጠዋት ጉም ከሚወርድበት ደጋ የመጣ፣ አንገቱ የሸሚዙን ኮሌታ የማይሞላ ቀጭን ሰው ነበር። ሽማግሌዎቹ ሰላም ብለውት እንደወጡ ተሰበሰቡ። ጋሽ መርዕድ በዚህ ሙቀት የጠገበ ሰባኪ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ስለዚህ ጠዋት ሻይና ማንዳዚ ብቻ ይበቃዋል ብለው ሐሳብ አቀረቡ። እትዬ ዘነቡ ደገፉ። ኦቦ ጉዮ ራሳቸውን ነቀነቁ። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አለፈ።

በማግስቱ ማለዳ ስብከቱን አብረን ልናየው ፓስተሩ ያረፈበት የአስተማሪ ቤት ሄድኩ። ሻይና ማንዳዚው ቀርቧል። ገና መጽሐፍ ቅዱሱን ሳይከፍት ጋሽ መርዕድ የተሸፈነ ሳህን በጋቢያቸው ደብቀው ገቡ። ባለቤታቸው ለአራስ ብቻ የሚያገነፉት ገንፎ ነበር፤ መሐሉ ላይ በርበሬና ቅቤ ተንጣሎበታል።

"ይሄ ውሳኔውን አይነካም፤ ማቋቋሚያ እንጂ ምግብ አይደለም በይልኝ" አሉኝ።

ፓስተሩ የአገሩ የበቆሎ ገንፎ፣ ኡጋሊ፣ መስሎት በደስታ ጀመረ። መሐሉ ሲደርስ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ግን ጨረሰው። ጋሽ መርዕድ በጓሮ በር ወጡ፤ በፊት ለፊቱ እትዬ ዘነቡ ከነመጥበሻቸው ገቡ። "ጉበት ነው፤ አሁን የታረደ። የባለፈው ሰውዬ ምግቡ አልተስማማኝም ነበር ያለው፣ ይሄኛው አይልም!" አሉና ሳህኑ እስኪጸዳ አልተነሱም። እሳቸው እንደወጡ ኦቦ ጉዮ ከጎልቦ በሞተር ያስመጡትን የግመል ወተት በትልቅ የቆርቆሮ ኩባያ ቀድተው አቀበሉት።

የግመል ወተት ላልለመደ ሆድ ምን እንደሚያደርግ ሞያሌ ውስጥ የማያውቅ የለም። "ፓስተር፣ ቀስ ይበሉ። በልቻለሁ ይበሏቸው" አልኩት በስዋሂሊ።

"አንድ ሽማግሌ ፓስተር ሲሸኙኝ የመከሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው" አለ ላቡን እየጠረገ። "ሰሜን ስትሄድ የሰጡህን እንቢ አትበል አሉኝ።"

ኦቦ ጉዮ ጆሯቸው ከበድ ይል ነበርና ምን እንደተባለ ጠየቁኝ። "ጥሩ ነው ይላሉ" አልኳቸው፤ ለማሳጠር ብዬ ነው። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ደገሙለት።

ቤተ ክርስቲያኗ ሞልታ ነበር። ቆርቆሮው ከላይ ሲግል፣ ልጆች ሲያለቅሱ፣ መሐረብ ሲርገበገብ ትዝ ይለኛል። ፓስተሩ የመረጠው ምንባብ ነቢዩ ኤልያስ በምድረ በዳ ደክሞት ሲተኛ መልአክ ቀስቅሶ ያበላበትን ታሪክ ነው። መጀመሪያ ላይ ግሩም አድርጎ ሰበከ፤ እኔም አንዲት ቃል ሳልጥል ተከተልኩት። መልአኩ ለሁለተኛ ጊዜ መጥቶ "ተነሥና ብላ" ያለበት ቦታ ሲደርስ ግን ቃሉን አቋረጠ። ፊቱ አመድ መሰለ። "ሳማሃኒ" አለኝና በጎን በር ተስፈነጠረ።

"ይቅርታ" ብዬ አስተረጎምኩ። ሥራዬ ነው።

የኛ መጸዳጃ ቤት ከግቢው ጥግ ስለሆነ ምእመኑ በሙሉ በመስኮት እያየው ሄደ። ጋሽ መርዕድ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

"ወገኖቼ፣ ውሳኔ ጥሻለሁ። ገንፎ አብልቼዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው።"

"ምን የእርስዎ ብቻ!" ብለው እትዬ ዘነቡ ከሴቶቹ ወገን ብድግ አሉ። "እኔስ? አንድ መጥበሻ ጉበት!"

ሁሉም ወደ ኦቦ ጉዮ ዞረ። በዚያች ቤት ድምፃቸው ከተሰማ ስንት ጊዜው ነው! ኮፍያቸውን አውልቀው ቀስ ብለው ቆሙ። "ዱጋ፣ እውነት እናገራለሁ። አናን ገላ ሰጠሁ። የግመሉን ወተት። ሁለት ኩባያ።"

"ሁለት!" አለ ምእመኑ በአንድ ድምፅ፤ ሳቁም ፈነዳ። እትዬ ዘነቡ ግን አልሳቁም። "ምን እናድርግ?" አሉ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። "የመጣ ሁሉ ይሄድብናል። አገራችንን ትተን የመጣን ሰዎች ነን፣ እዚህም ሰው ሲሄድ እያየን እንኑር? ይሄኛው ቢጠግብ ይቀር ይሆናል ብዬ ነው።" ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ።

ፓስተሩ የውሃ ጠብታ ፊቱ ላይ እንዳለ ተመልሶ ሲገባ ሦስቱም እንደቆሙ ነበሩ። ምን እያሉ ነው ሲል ጠየቀኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ውሳኔውን፣ ገንፎውን፣ እትዬ ዘነቡ ያሉትንም። ሳቀ፤ መድረኩን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ረጋ ብሎ፣ "እውነቱን ልንገራችሁ። የመጣሁት ስለላኩኝ ነው፤ እንቢ ብዬ ልመለስ አስቤ ነበር። ከዚህ በፊት በሁለት ቦታ ለእጩነት ሰብኬያለሁ። የት ተማርክ ብለውኛል። በልተሃል ወይ ያለኝ ሰው ግን አልነበረም" አለ።

ጋሽ መርዕድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በሥርዓታችን ድምፅ ሲሰጥ እጩው ከአዳራሹ መውጣት አለበት። "እጩው ለጥቂት ጊዜ ይውጣልን የሚል ሐሳብ አቀርባለሁ። የሚደግፍ..." ሲሉ ፓስተሩ ሆዱን ይዞ በጎን በር ወጥቶ ነበር። ሐሳቡን የደገፈ ሰው አልተገኘም፤ ጋሽ መርዕድን ይህ ነገር እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲከነክናቸው ኖረ። ድምፁ ግን አንድም ሳይጎድል ለእሱ ሆነ። የእትዬ ዘነቡም የልጅ ልጅ፣ እንደተፈራው፣ በእግሯ ሄዳ ተጠመቀች።

ፓስተር ሙቱሪ ፀጉራቸው እስኪሸብት አብረውን ኖሩ። ጋሽ መርዕድን የቀበሩት፣ እኔን የዳሩት እሳቸው ናቸው። የግመል ወተቱንም ለምደው ከኦቦ ጉዮ እኩል ይጠጡ ነበር። ባለፈው ወር የበላይ ጉባኤው ወደ ሌላ ቦታ መደባቸው፣ በአስፋልቱ በአንድ ቀን ደረሱ። አውቶቡሱ ሲነሳ እትዬ ዘነቡ በመስኮት ያቀበሏቸውን ቋጠሮ አልረሳውም።

እና ዛሬ ቅዳሜ ነው። አዲሱ እጩ ከሰዓት በኋላ ይገባል። ቅድም ከሱቄ ደጃፍ ቆሜ ሳለሁ የኦቦ ጉዮ የልጅ ልጅ ቢጫ ጀሪካን ከሞተሩ ኋላ አስሮ ከጎልቦ በኩል ሲመጣ አየሁት። ለማን ነው አልኩት። "አባባ ለማንም እንዳትናገር ብለውኛል" አለኝና አለፈ። የእትዬ ዘነቡም ምግብ ቤት ከሩቅ ጉበት ጉበት ይሸታል። የጉባኤው ጸሐፊ ዛሬ እኔ ነኝ፤ ውሳኔውን ማስከበር የኔ ሥራ ነው። ሁለቱም ቤት ሄጄ መናገር ነበረብኝ።

ወደ ኩሽናዬ ተመለስኩና ለእጩው የነገ ቁርስ የጣድኩት ዶሮ ላይ ቅቤ ጨመርኩበት።